ከዶሮዎቻችሁ እግር በታች ምን አለ?

ዛሬ በብዙ ቤቶች ጓሮ የዶሮ ድምፅ ይሰማል። በተለይ በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ፣ ዶሮን ከበዓል ገበያ ውጪ የማያውቁ የከተማ ቤተሰቦች ሳይቀሩ አምስትም ዐሥርም ቄብ ገዝተው ማርባት ጀምረዋል። አንዳንዶች ለልጆቻቸው እንቁላል እንዳይጠፋ ብለው ነው፤ ሌሎች ደግሞ ከወር ደመወዝ ጎን ትንሽ ድጎማ ለማግኘት።

ባልና ሚስት ዶሮ ለመግዛት ሲመካከሩ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ይታወቃሉ። ሳሶ ይሻላል ወይስ ቦቫንስ? መኖ ከየት እንገዛለን? ቤቱን በየትኛው ጥግ እንሥራው? እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሳ የሚቀር አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፦ “ዶሮዎቹ ቀንና ሌሊት የሚቆሙበት መሬት ላይ ምን እንጎዝጉዝ? እንቁላል በሚጥሉበት ሣጥን ውስጥስ?” የሚለው ነው። ዶሮዎቹ ማስነጠስ ሲጀምሩ፣ እንቁላሉ በኩስ ተለውሶ ሲወጣ፣ ጎረቤት በሽታው ሲማረር ግን የጥያቄው መልስ ራሱ ይመጣል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ጉዝጓዝ አብረን እንመለከታለን። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ የብዙ ትንንሽ ርባታዎች ስኬትና ኪሳራ ግን የሚወሰነው እዚያው መሬት ላይ ነው።

ጉዝጓዝ ሥራው ምንድን ነው?

ጉዝጓዝ ሲባል ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ለበዓል ቤታችን ውስጥ የምንበትነው ለምለም ቄጠማ ነው። እርሱ ለዓይን ውበት፣ ለአፍንጫም መዓዛ ነው። የዶሮ ቤት ጉዝጓዝ ግን የሚሠራ ሠራተኛ ነው። ዋና ሥራውም አንድ ነው፤ እርጥበትን መጠጣትና መልሶ ለአየር መስጠት።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ100 እስከ 150 ግራም የሚደርስ ኩስ ትጥላለች። ከዚህም አራት እጅ ቢከፈል ሦስቱ እጅ ያህል ውኃ ነው። ዐሥር ዶሮ ያለው ቤተሰብ እንግዲህ በየቀኑ አንድ ኪሎና ከዚያ በላይ ኩስ፣ በወር ከ30 ኪሎ በላይ፣ በትንሿ ቤት መሬት ላይ ይጠራቀምበታል ማለት ነው። ዶሮ ሽንት ለብቻው አትሸናም፤ በኩሷ ላይ የምናየው ነጩ ክፍል የሽንቷ ተረፈ ነገር ነው። ይህ ነገር ሲረጥብና ሲሞቅ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ወደ አሞኒያ ይለውጡታል። ዓይን የሚያቃጥለው፣ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታ እርሱ ነው።

አሞኒያ ጉዳቱ ሽታ ብቻ አይደለም። የዶሮን የመተንፈሻ ቧንቧ ከውስጥ ሆነው የሚጠርጉ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ፤ አሞኒያ እነዚህን ያደክማል፤ በሽታም በቀላሉ እንዲገባ በር ይከፍታል። ባለሙያዎች በዶሮ ቤት አየር ውስጥ ያለው አሞኒያ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል 25 እንዳያልፍ ይመክራሉ። እርጥብ መሬት ሌላም ጣጣ አለው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው የኮክሲዲያ ተውሳክ ከኩስ ጋር ሲወጣ ወዲያው አይጎዳም። እርጥበት፣ ሙቀትና አየር ሲያገኝ ግን በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ በሽታ ለማስተላለፍ የበቃ ይሆናል። በደረቅ ጉዝጓዝ ላይ ይህ ዕድሉ ያንሳል። እርጥብ መሬት ላይ የምትውል ዶሮ ደግሞ የእግሯ መዳፍ ይቆስላል፤ እያነከሰች የምትሄድ ዶሮም መኖ ጋ ቶሎ አትደርስም።

እንግዲህ ማንኛውንም ጉዝጓዝ ለመምረጥ የሚረዱ አራት ጥያቄዎች አሉ። ውኃ ይጠጣል ወይ? የጠጣውን ቶሎ ይመልሳል ወይ፣ ወይስ ተጣብቆ ይቀራል? ንጹሕ ነው ወይ፣ ማለትም ከሻጋታ፣ ከኬሚካልና ከስለት ነገር የጸዳ? በመጨረሻም፣ በአቅራቢያችሁ ዓመቱን ሙሉ በአቅማችሁ ይገኛል ወይ? ይህ የመጨረሻው እንደ ትንሽ ነገር አይታይ። ውድ ስለሆነ ብቻ ሳይቀየር ከሚከርም ምርጥ ጉዝጓዝ ይልቅ፣ በየጊዜው የሚጨመርበት መካከለኛ ጉዝጓዝ ይሻላል።

በአገራችን የሚገኙትን እንመርምር

የጤፍ ጭድ። ለስላሳ ነው፤ ውኃ ይጠጣል፤ በአድአና በአካባቢዋ እንዲሁም ጤፍ በሚመረትበት ሁሉ ይገኛል። ነገር ግን አንድ ባሕርይ አለው። ቤት ስንመርግ ጭድን ከጭቃ ጋር የምናቦካው ለምንድን ነው? ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ጭቃውን አያይዞ እንዳይሰነጠቅ ስለሚያደርገው ነው። ከዶሮ ኩስ ጋርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሲረጥብ ይተሳሰርና እንደ ምርግ ይጋገራል፤ ከላይ የደረቀ መስሎ ከሥር ይበሰብሳል። ስለዚህ የጤፍ ጭድ የጎዘጎዘ ሰው ማገላበጥን መርሳት የለበትም። ከእንጨት ፍቅፋቂ ጋር ቢቀላቀል ደግሞ መጋገሩ ይቀንሳል። የእንቁላል መጣያ ሣጥን ላይ ግን የሚወዳደረው ጥቂት ነው፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

የስንዴና የገብስ ገለባ። አገዳው ክፍት ቱቦ ነው፤ ላዩም ልሙጥ ስለሆነ ውኃ የመጠጣት አቅሙ ከጤፍ ጭድ ያንሳል። ረጅም ሆኖ ከተጎዘጎዘ የዶሮ እግር ይጠልፋል፤ ኩሱም በላዩ ላይ ተዘርግቶ ይቀራል። በበሬ የተወቃ ከሆነ ተሰባብሮ ስለሚመጣ ደህና ነው። በአርሲና በባሌ በኮምባይነር ታጭዶ የሚታሰረው ግን ረጅም ስለሆነ ጣት በሚያህል ርዝመት መቆረጥ ያስፈልገዋል።

የእንጨት ፍቅፋቂ። ይህ ከአናጺ መላጊያ ሥር ተጠቅልሎ የሚወድቀው ነው። ለመሬት ጉዝጓዝ ከሚገኙት ሁሉ ከምርጦቹ አንዱ ነው። ውኃ ይጠጣል፤ መካከሉ አየር ስላለው ቶሎ ይደርቃል፤ በቀላሉም አይጋገርም። የሚመረጠው ከደረቅ፣ ቀለም ካልተቀባ እንጨት የወጣው ነው። ሽታው ኃይለኛ የሆነውን የአበሻ ጥድ ፍቅፋቂ ግን በተለይ ለጫጩቶች አትጠቀሙበት።

ሰጋቱራ። ከመጋዝ የሚወጣው ደቃቁ ዱቄት ማለት ነው። ውኃ በደንብ ይጠጣል፤ ነገር ግን ሲደርቅ ይቦናል፤ አቧራው የዶሮውንም የጽዳት ሠራተኛውንም ሳንባ ያስቸግራል። ገና ምግብን ከሌላው መለየት ያልቻሉ ጫጩቶች ደግሞ ይበሉታል፤ ሆዳቸው ይደፈናል። ለትልልቅ ዶሮዎች ከጭድ ወይም ከፍቅፋቂ ጋር ተቀላቅሎ ቢሆን መልካም ነው።

የሩዝ ገለፈት። ፎገራና ወረታ አካባቢ ላላችሁ ይህ በደጃችሁ ያለ በረከት ነው። ራሱ ብዙ ውኃ ባይጠጣም አይጋገርም፤ ቀላል ነው፤ ቶሎ ይደርቃል።

የቡና ገለፈት። ጅማና ቡና በደረቁ በሚፈለፈልባቸው ቦታዎች ሁሉ በብዛት ይገኛል። ሁለት ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንደኛ፣ ከመፈልፈያው ደጅ ዝናብ እየመታው የከረመ ክምር ውስጡ ሻጋታ ስለሚይዝ አዲሱንና ደረቁን ብቻ ውሰዱ። ሁለተኛ፣ ገለፈቱ ካፌይን ስላለው ዶሮዎች እንደ ምግብ እንዳይለቃቅሙት መኖ አታጉድሉባቸው፤ ከሌላ ጉዝጓዝ ጋርም ቀላቅሉት።

የኦቾሎኒ ልጣጭና የሸንኮራ አገዳ ገለባ። የመጀመሪያው በባቢሌ በኩል፣ ሁለተኛው በወንጂና በመተሐራ አቅጣጫ ይገኛል። ሁለቱም ውኃ ይጠጣሉ። የሁለቱም ድካም ሻጋታ ነው፤ ኦቾሎኒው ፍሬው ላይ የለመደው ሻጋታ ስላለ፣ አገዳው ደግሞ የስኳር ቅሬታ ስላለበት። ፍጹም ደርቀው መምጣት አለባቸው።

አሸዋ። ውኃ አይጠጣም፤ ወደ ታች ያሳልፋል እንጂ። ኩሱ በላዩ ስለሚደርቅ በወንፊት ወይም በሬክ ለቅሞ ማውጣት ይቻላል። እንደ ድሬዳዋና አዳማ ባለ ሞቃት አገር ለዶሮዎች ቀዝቃዛ ማረፊያ ይሆናል። በደጋ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱን ይዞ ስለሚያድር አይመከርም።

ወደ ዶሮ ቤት መግባት የሌለባቸው

ከበዓል ማግስት ከሳሎን የተጠረገውን ቄጠማ ዶሮ ቤት ውስጥ መጣል በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ዶሮዎቹ ይጫወቱበታል፣ ጥቂትም ይበሉታል። ነገር ግን ለምለም ሣር ራሱ በውኃ የተሞላ ስለሆነ እርጥበት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ከሰጣችኋቸው በዚያው ቀን ማታ አውጡት።

የባሕር ዛፍ ቅጠልም ብቻውን ጉዝጓዝ አይሆንም፤ ቅባታምና ልሙጥ ስለሆነ ውኃ አይጠጣም። የጋዜጣ ወረቀትም እንዲሁ ነው። ጥቂት ይጠጣና ወዲያው ይላሽቃል፤ በተለይ ለጫጩት ደግሞ ያዳልጣል፤ እግሯ ግራና ቀኝ ተከፍቶ እንድትቀር ሊያደርጋት ይችላል።

የከተማ ነዋሪዎች ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ዛሬ በርካታ የቤት ዕቃ መሥሪያዎች የሚጠቀሙት ንጹሕ እንጨት ሳይሆን ኤምዲኤፍና ቺፑድ ነው። የእነዚህ ብናኝ ሙጫና ኬሚካል አለበት፤ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ከንጹሕ እንጨት የወጣውንም ቢሆን ከመጎዝጎዛችሁ በፊት ዘርግታችሁ ተመልከቱት። ዶሮ የሚያብረቀርቅ ነገር ትወዳለች፤ ትንሽ ምስማር ወይም የሽቦ ቁራጭ ከዋጠች ቋንዷን ሊበሳባት ይችላል። የማግኔት ቁራጭ ከላይ ማንቀሳቀስ ሥራውን ያቀልላል። ጉዝጓዙን የምታመጡበት ኬሻም የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት እንዳይሆን ጠይቁ።

ከሁሉም በላይ የሻገተ ነገር አታስገቡ። ጭድ ስትገዙ ክምሩን ከላይ ብቻ አትዩ፤ እጃችሁን ወደ መሐሉ ስደዱና አውጥታችሁ አሽትቱ። የአዝመራ ሽታ ካለው መልካም ነው። የምድር ቤት ሽታ ካለው፣ ነጭ ወይም ግራጫ ብናኝ ከታየበት ተዉት። ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ይደርቃል እንጂ የሻጋታው ዘር ከውስጡ አይጠፋም። ይህ ሻጋታ ወደ ጫጩት ሳንባ ሲገባ አፏን ከፍታ እያለከለከች እንድትሞት የሚያደርግ ሕመም ያመጣል።

ምን ያህል እንጎዝጉዝ?

ለትልልቅ ዶሮዎች ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ጥሩ መነሻ ነው። ዐሥር ዶሮ በሁለት ካሬ ሜትር ቤት ውስጥ ቢኖሩ፣ በ8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 160 ሊትር ያህል ጉዝጓዝ ማለት ነው። ይህም አንድ ኩንታል እህል በሚይዝ ኬሻ ሳይጠቀጠቅ ከአንድ ኬሻ በላይ ይሆናል። ወለሉ የአፈር ከሆነ ከሥር እርጥበት ስለሚመጣ ጨመር አድርጉ። ሲሚንቶም ቢሆን ጉዝጓዝ አያስቀርም፤ ሲሚንቶ ቀዝቃዛ ነው፣ ያልባል፣ ኩሱንም አይጠጣም።

የእንቁላል መጣያው ሌላ አልጋ ነው

ብዙዎች መሬቱ ላይ ያደረጉትን ሣጥኑም ውስጥ ያደርጋሉ። ነገር ግን የሁለቱ ሥራ ይለያያል። የመሬቱ ጉዝጓዝ ሥራ ውኃ መጠጣት ነው። የሣጥኑ ሥራ ደግሞ እንቁላሉ ሲወድቅ እንዳይሰነጠቅ መያዝና ንጹሕ አድርጎ ማቆየት ነው። ስለዚህ እዚህ የሚፈለገው ልስላሴና ንጽሕና ነው፤ ለዚህም የጤፍ ጭድ ተስማሚ ነው። ቀጭን ስለሆነ ዶሮዋ በደረቷ ተጭና ጎድጎድ ያለ ማረፊያ ትሠራበታለች፤ እንቁላሉም መሐል ላይ ይቀመጣል። ደቃቅ ሰጋቱራ ግን ገና ርጥብ በሆነው ቅርፊት ላይ ይጣበቃል።

የእንቁላል ቅርፊት እንደ ድንጋይ ድፍን አይደለም፤ በዓይን የማይታዩ በሺዎች የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉት። ፈጣሪ በጥበቡ እንቁላሉ ሲወጣ እነዚህን ቀዳዳዎች የሚሸፍን ስስ ሽፋን አልብሶታል። እንቁላሉ በኩስ ሲለወስ እናጥበዋለን፤ ስናጥበው ሽፋኑ ይነሳል። ይባስ ብሎ በቀዝቃዛ ውኃ ከታጠበ ውስጡ ሲኮማተር በቀዳዳዎቹ በኩል ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። ስለዚህ ትክክለኛው መንገድ እንቁላልን ማጠብ ሳይሆን፣ መታጠብ የማያስፈልገው እንቁላል ማግኘት ነው። ይህም የሚጀምረው ከሣጥኑ ጉዝጓዝ ነው።

ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ ሣጥን ይበቃል። ወርዱ፣ ርዝመቱና ከፍታው 30 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይሁን፤ ከፊት ለፊቱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ደፍ ይኑረው፤ አለበለዚያ ጭዱም እንቁላሉም ተጭሮ ይወጣል። ጭዱ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ቢሆን መልካም ነው፤ ከሳሳ እንቁላሉ እንጨቱ ላይ ይሰነጠቃል። አንዴ የተሰበረ እንቁላል የቀመሰች ዶሮ ደግሞ መስበር ትለምዳለች፤ ይህን ልማድ ማስተው ከባድ ነው።

ሣጥኑ ከቆጡ ዝቅ ይበል። ዶሮ በተፈጥሮዋ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ማደር ትፈልጋለች፤ ሣጥኑ ከቆጡ ከበለጠ እዚያው ታድርና በኩሷ ታቆሽሸዋለች። ቄቦቹ መጣል ከመጀመራቸው ሁለት ሳምንት አስቀድማችሁ ሣጥኑን በደረቅ ጭድ አዘጋጁላቸው፤ መሬት ላይ መጣል ከለመዱ በኋላ መመለስ ያደክማል። እንቁላል በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ልቀሙ፤ ጭዱን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከቆሸሸ ወይም እንቁላል ከፈሰሰበት ግን ያኔውኑ ቀይሩ።

በሣጥኑ ስንጥቅ ውስጥ ቀን ተሸሽገው ሌሊት ወጥተው የዶሮ ደም የሚመጡ ቀይ ጥቃቅን ተባዮች አሉ። ጭድ በቀየራችሁ ቁጥር ማዕዘኖቹን በባትሪ ብርሃን ፈትሹ። አሪቲና ጤና አዳም ማስቀመጥ መልካም ሽታ ይሰጣል፤ ተባዩን ያጠፋል ብላችሁ ግን አትተማመኑ። ከቤቱ ጥግ በደረቅ ገበቴ የተነፈሰ የእንጨት አመድና አሸዋ አድርጉላቸው፤ ዶሮዎች በዚያ ተንከባልለው ላባቸውን ያጸዳሉ።

ለታቃፊና ለጫጩት

ዶሮ ለማቀፍ ስትቀመጥ 21 ቀን ያህል ከዚያ ቦታ አትነሳም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በአሮጌ ጭድ ላይ አታስቀምጧት፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ተባይ እጥፍ ድርብ ሆኖ ይራባል። እናቶቻችን እንደሚያደርጉት ከሥር ጎድጎድ ያለ ደረቅ አፈር፣ በላዩ አዲስ የጤፍ ጭድ ይሁንላት። አፈሩ እንቁላሎቹ ወደ መሐል እንዲሰበሰቡ ይረዳል።

ጫጩት የምታሳድጉ ከሆነ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም የተቆረጠ ጭድ አድርጉ። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ስለሚያስፈልጋቸው፣ ሙቀት ባለበት ላይ እርጥበት ከተጨመረ የኮክሲዲያ ተውሳክ ይመቸዋል። በመጠጫው ዙሪያ የረጠበውን በየቀኑ እያነሳችሁ ደረቅ ተኩ።

በእጅ፣ በአፍንጫና በጉልበት መፈተን

ጉዝጓዝ ተጎዝጉዞ የሚተው ነገር አይደለም። በሳምንት ሁለት ጊዜ በመንሽ ወይም በሬክ አገላብጡት። ጥቂት ስንዴ ወይም በቆሎ በትናችሁበት ዶሮዎቹ ራሳቸው ጭረው እንዲያገላብጡት ማድረግም ይቻላል። ኩስ በብዛት የሚጠራቀመው ሌሊት ከቆጥ ሥር ስለሆነ፣ ከቆጡ በታች ሳንቃ ወይም ላስቲክ አንጥፋችሁ ጠዋት ጠዋት ብታነሱት የጉዝጓዙ ዕድሜ ይረዝማል።

መድረቁን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ እፍኝ ዘግናችሁ ጨብጡት። እጃችሁን ስትከፍቱ እንደ ኳስ ተድበልብሎ ከቀረ በጣም ረጥቧል። ምንም ሳይያያዝ አቧራው ከቦነነ ከመጠን በላይ ደርቋል። ትንሽ ተያይዞ ወዲያው ከፈረሰ ልክ ነው። ባለሙያዎች ከመቶ 20 እስከ 30 እርጥበት የሚሉት ይህንን ነው።

ሽታውን ግን ቆማችሁ አታሽትቱ። አሞኒያው የሚወጣው ከመሬት ስለሆነ ዶሮዎቹ የሚተነፍሱት እናንተ ቆማችሁ ከምትተነፍሱት የባሰ ነው። በጉልበታችሁ ተንበርክካችሁ በዶሮ ቁመት ልክ ለአንድ ደቂቃ ተንፍሱ። ዓይናችሁ ከተቆጣ ዶሮዎቹ ቀኑን ሙሉ ተሠቃይተዋል። በየቀኑ የሚገባ ሰው አፍንጫው ሽታውን ስለሚለምደው አልፎ አልፎ የትዳር ጓደኛችሁን ጠርታችሁ “እስቲ አንተ ግባና አሽትት” ወይም “እስቲ አንቺ እይው” መባባል ጠቃሚ ነው።

አንዳንዶች ሽታ ሲበዛ አመድ ወይም ኖራ ይነሰንሱበታል። በረጠበ ጉዝጓዝ ላይ ይህን ማድረግ አሞኒያው ጭራሽ እንዲወጣ ይገፋፋዋል። ኖራ ቦታው የሚሆነው ቤቱ ባዶ ሆኖ ወለሉ ሲጸዳ ነው። ለእርጥበት መድኃኒቱ የረጠበውን ማንሳት፣ ደረቅ መጨመርና አየር ማስገባት ብቻ ነው።

ክረምት ሲገባ

ሰኔ ሲገባ ብዙ ሰው “ዶሮዎቹ ይበርዳቸዋል” ብሎ ቤቱን በላስቲክ ዙሪያውን ይሸፍነዋል። ሐሳቡ የርኅራኄ ነው፤ ውጤቱ ግን ሌላ ነው። ዶሮዎች ከትንፋሻቸውና ከኩሳቸው የሚወጣው እንፋሎት መውጫ ሲያጣ በቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቋጠርና ሊነጋጋ ሲል ወደ ጉዝጓዙ ይንጠባጠባል። ጣሪያው ሳያፈስስ ጉዝጓዙ የሚረጥበው በዚህ ምክንያት ነው። ንፋስ በቀጥታ እንዳያገኛቸው ከታች ዝጉ፤ ከጣሪያው ሥር ግን በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ ክፍተት ይኑር። ደረቅ ዶሮ ላባዋ ይበቃታል፤ እርጥብ ዶሮን ግን የተዘጋ ቤት አያሞቃትም።

መጠጫውን በጡብ ላይ ከፍ አድርጋችሁ በዶሮዋ ጀርባ ልክ አስቀምጡ፤ እየጫረች አታፈስሰውም። ለክረምት የሚሆነውን ጭድና ፍቅፋቂ በግንቦት ገዝታችሁ ከመሬት ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፤ በሐምሌ የሚሸጠው አብዛኛው ረጥቦ የመጣ ነው። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን የፈንግልን ክትባት አይተካም፤ ክትባቱ በጊዜው ይሰጥ።

ሥራው የማን ነው?

በምክር አገልግሎት ከባለትዳሮች ጋር ስቀመጥ ከሰማኋቸው ቅሬታዎች አንዱ ይህ ነው፦ “ዶሮዎቹን የገዛው እርሱ፣ ኩሱን የምጠርገው እኔ።” በሌላ ቤት ደግሞ ባል “እንቁላሉን ስትሸጪ አላየሁም፤ ጭድ ሲያልቅ ግን እኔን ትጠሪኛለሽ” ይላል። ጭቅጭቁ ስለ ጭድ ይመስላል፤ በውስጡ ያለው ግን ሳይመካከሩ የተጀመረ ሥራ ነው።

ስለዚህ ዶሮ ከመግዛታችሁ በፊት ሥራውን በስም ተከፋፈሉ። ጉዝጓዝ የሚያመጣና ማከማቻውን የሚያዘጋጅ ማን ነው? በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚያገላብጥስ? የሣጥኑን ጭድ የሚቀይርስ? እንቁላል መልቀምን ለልጆች ስጡ፤ እጃቸውን በሳሙና መታጠብንም አብራችሁ አስተምሯቸው። የቆየ ጉዝጓዝ የሚያወጣ ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ አስም ያለበት የቤተሰብ አባል ግን ይህን ሥራ አይሥራ። ከገቢውም ለጉዝጓዝ የሚሆነውን አስቀድማችሁ ለዩ፤ ከመኖ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ካልተለየ ግን ሁልጊዜ የሚቀረው እርሱ ነው።

በጋራ ግቢ የምትኖሩ ደግሞ ጎረቤቶቻችሁን አስቡ። እናንተ እንቁላሉን ትበላላችሁ፣ ጎረቤት ሽታውን ብቻ ይካፈላል። የደረቀ ቤት የማይሸት ቤት ነው፤ ሰላምም ይጠብቃል።

ያገለገለው ጉዝጓዝ አይጣል

ጉዝጓዝ ከዶሮ ቤት ሲወጣ አገልግሎቱ አላበቃም። ለጎመን፣ ለቆስጣና ለቃሪያ ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናል። ነገር ግን ትኩሱን አትጠቀሙ፤ ሥር ያቃጥላል፤ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንም አሉበት። ከጓሮ ጥራጊ ጋር ከምሩት፣ ጠፈፍ እስኪል ውኃ ርጩበት፣ በየሳምንቱ አገላብጡት። ጥቂት ወራት ቆይቶ ጥቁር፣ ፍርፍር ያለና የአፈር ሽታ ያለው ሲሆን ለጓሮአችሁ ደርሷል። በጥሬው ለሚበሉ እንደ ሰላጣ ላሉ አትክልቶች ግን ሙሉ በሙሉ ካልበሰለ በፍጹም አታድርጉት።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎች፣ የትኛው ጉዝጓዝ ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ አንድ ስም አልጠራላችሁም። ለመሬቱ በአካባቢያችሁ ከሚገኘው ውኃ የሚጠጣውንና የማይጋገረውን፣ ለሣጥኑ ለስላሳውንና ንጹሑን ምረጡ። ከዚያ በኋላ ግን የሚበልጠው ምርጫው ሳይሆን ክትትሉ ነው። ከተሻለው ፍቅፋቂ ይልቅ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚገላበጥ ጭድ ይበልጣል። ዛሬ ማታ ዶሮዎቹ ወደ ቆጥ ሲወጡ ሁለታችሁም አብራችሁ ወደ ቤታቸው ግቡ፤ ተንበርክካችሁ አንድ እፍኝ ዘግናችሁ ጨብጡት። እጃችሁ የሚነግራችሁን ሰምታችሁ ነገ ጠዋት ሥራውን ጀምሩ። የእጃችሁ ሥራ ይባረክ።